የጾም ዶሮ

በእኛ አገር የልጅ ዕድሜ እንደ ጉዳዩ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃ ቅዳ ሲባል ትልቅ ነው፤ ብስክሌት ግዙልኝ ሲል ትንሽ ነው። ፍየል የጠፋ ዕለት "ይህን የሚያህል ጎረምሳ!" ይባላል፤ ሽማግሌ የተሰበሰበ ዕለት "ሂድ ከእኩዮችህ ጋር ተጫወት" ይባላል። መንግሥትን ብንጠይቅም ቁርጥ ያለ መልስ አናገኝም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጨርሶ አይከስም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን "ወጣት ጥፋተኛ" ብሎ ለብቻው ያየዋል። ለማግባትና ለመምረጥ ደግሞ 18 ሙላ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን በ7 ዓመቱ ጾም ታስጀምረዋለች። መስጊድ በ7 ዓመቱ ስገድ ይለዋል፤ 10 ሞልቶት ካልሰገደ ይቆነጥጠዋል። እዚህ ይፋት ቆላ ውስጥ ከሁሉም የሚከብድ ሌላ ፈተና አለ፤ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ግሪሳ ወፍ መከላከል። ማማ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሰው 20 ዓመት ቢሞላውም ሕፃን ነው።

እኛ ካራቆሬዎች ይህን ሁሉ ዕድሜ አደባልቀን በሰላም ስንኖር ነው በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ከእስራኤል አገር የተደወለው። የደወለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለማስተማር ጎንደር ተመድባ፣ እዚያ ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ ከሚጠብቁት ወገን የሆነ ሰው አገባች። በ2005 ዓ.ም. ክረምት "የርግብ ክንፍ" የተባለው ጉዞ ሊዘጋ ሲል ከባሏና ከልጇ ጋር ተሳፈረች፤ እዚያም የአይሁድን ሃይማኖት ተምራ ተቀበለች። ያን ጊዜ እናቷ ያለቀሰችውን ልቅሶ ዛሬ አናነሳውም። የልጅ ልጇ ከሚኖሩባት ከናታንያ ከተማ ደውሎ በተሰባበረ አማርኛ "አያቴ ደህና ነሽ?" ያላት ቀን ልቅሶው ቆሟል።

"እማዬ፣ ልጁ 13 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድግስ አለብን" አለች።

"ምነው? ልትድሪው ነው?" አለች አክስቴ።

"ኧረ አይደለም! ባር ሚጽዋ ነው።"

ነገሩ ተብራራ። በአይሁድ ሥርዓት ወንድ ልጅ 13 ዓመት፣ ሴት ልጅ 12 ዓመት ሲሞላቸው ሕጉ በራሳቸው ትከሻ ላይ ያርፋል። ልጁ በሰው ፊት ለኦሪት ንባብ ይጠራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት 10 ወንዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይጾማል፤ ያጠፋውም በራሱ ስም ይጻፋል።

"ግርዘት የለበትም?" አክስቴ አልተዋጠላትም።

"በስምንተኛው ቀኑ ተገርዟል፤ አንቺው አልነበርሽ እንዴ ያስገረዝሽው!"

"ታዲያ ምን ቀረው?"

የቀረውን ለመወሰን እደጃችን ካለው ግራር ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። አክስቴ አለች፤ አጎቴ መሪጌታ አሉ፤ ወንድሜ አለ፤ በአጥር የምንዋሰናቸው ሐጂም አሉ። ሐጂ ያልተቀመጡበት የቤታችን ጉዳይ ኖሮ አያውቅም። እኔ ስልክ ያዥ ሆኜ ተመደብኩ።

የመጀመሪያው ክርክር የቀን ነበር። ልጁ የተወለደው ጎንደር፣ በ1997 ዓ.ም. ጳጉሜን 3 ቀን፣ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ነው። አክስቴ ይህን አትረሳም፤ አራሷን ልትጠይቅ ሄዳ በዕለቱ ጠበል ዝናብ በስብሳለች። ስለዚህ 13 የሚሞላው ጳጉሜን 3 ቀን 2010 ነው ብላ ፈረደች። በ13ኛው ወር ለተወለደ ልጅ 13ኛ ዓመት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈለጋል?

እስራኤል ያሉት ግን በዕብራውያን አቆጣጠር ነው የሚሄዱት። ወራቸው ጨረቃን ይከተላል፤ ዓመቱ ከፀሐይ እንዳይርቅባቸው በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። እነሱ 13ኛ ወር የሚያገኙት በእንዲህ ያለው ዓመት ብቻ ነው፤ እኛ ደመወዝ ባይከፈልበትም በየዓመቱ አለን። ሲሰላ ልጁ የተወለደው ኤሉል በሚባለው ወር በ4ኛው ቀን ሆኖ ተገኘ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ያ ቀን የዋለው ነሐሴ 9 ላይ ነው።

"24 ቀን የጎደለው ልጅ እንዴት ነው ትልቅ የሚሆነው?" አለች አክስቴ።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በጨረቃ መቁጠር ነውር ሆኖ ነው? በእኛ ቆጠራ ብትሄጂማ ልጁ 13 የሞላው አሁን፣ በዚሁ ሚያዝያ ነው። ድግሱ አልፎሻል።"

ጣት እየታጠፈ፣ ጠጠር እየተደረደረ ሲሰላ ሐጂ እውነታቸውን ሆነ። አንድ ልጅ በአንድ ግራር ሥር ሦስት ጊዜ 13 ዓመት ሞላው።

አክስቴ ስለ ልደት ቀን እንዲህ የምትሟገተው የራሷን ሳታውቅ ነው። ዕድሜዋን የምትቆጥረው ማጀቴን ካፈረሰው፣ ካራቆሬን ካናወጠው ከ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። "ያን ጊዜ ጥርሴን ነቅያለሁ" ትላለች፤ የቀረውን ሰው ራሱ ያስላ። ወደ እስራኤል ከተሻገሩት ሽማግሌዎችም ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቀን ስለማያውቁ በግምት ነው የተመዘገቡት። ቀን የሌላቸው አያቶች ናቸው እንግዲህ ለልጁ ቀን ሲያማርጡ የከረሙት።

ለማንኛውም የእስራኤሎቹ ቀን ጸና። ሲጸና ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ፤ ነሐሴ 9 ፍልሰታ ነው። "የልጅ ልጄ ትልቅ በሆነበት ቀን ለጎረቤት ሽሮ ላቅርብ?" ብላ አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። መሪጌታ ቀኖና ስለሆነ ዝም አሉ። ሐጂ ግን "እናንተ ጹሙ፤ ፍየሉን እኛ አርደን እንበላላችኋለን" ብለው ጉዳዩን ቀለል ሊያደርጉት ሞከሩ።

ሁለተኛው ክርክር የምግብ ነበር። ወደ ቴል አቪቭ የሚሄድ ሰው ተገኘና አክስቴ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዳ፣ አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም በሚገናኝበት በዚያ ወበቅ ውስጥ በርበሬውን በጆንያ፣ ማሾውን በቁና፣ ቅቤውን በቅል ገዝታ ተመለሰች። በርበሬ ተቀነጠሰ፣ ተደለዘ፣ ደርቆ ተፈጨ። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ተነጠረ። ቋንጣው ማድ ቤት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰቀለ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ስልክ ተደውሎ የተነገራት።

"እማዬ፣ ቋንጣው አይሆንም። ሥጋው ኮሸር መሆን አለበት፤ የሚያርደው የእኛው አራጅ ነው።"

"እኔ ያሳረድኩት ርኩስ ነው?"

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ልቅሶ ሊመለስ ሲል ሐጂ ገቡ። "ስሚ እንጂ፤ እኔስ መቼ አንቺ ያሳረድሽውን በልቼ አውቃለሁ? አርባ ዓመት ስንዋሰን መቼ ተቀየምሽኝ?"

አክስቴ መልስ አጣች። በይፋት ሠርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱን ክርስቲያን፣ ሌላውን እስላም ይባርከዋል። ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሁለት ዳስ ይጣላል፤ ጭልፋ ከጭልፋ አይነካካም። ወጥ ቤቷ ጭልፋ ያቀያየረች ዕለት ድግሱ ተበላሸ ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ አይሁዶቹ ቤተ እስራኤሎች ክርስቲያኑን "አትንኩኝ" እያሉ በውሃ ዳር ሲኖሩም ነገሩ ይኸው ነበር። ኮሸርን ለአሜሪካዊ ማስረዳት ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ለካራቆሬ ሰው ግን ሦስተኛ ድስት መጨመር ብቻ ነው።

ቋንጣው በዚህ አለፈ። ቅቤው ግን የባሰ መጣ።

"ቅቤውንም ተይው እማዬ። ሥጋና ወተት አንድ ላይ አይበላም። ዶሮ ወጡን የምንሠራው በዘይት ነው።"

አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። "ዶሮ ወጥ በዘይት? የጾም ዶሮ ነው እንዴ?"

መሪጌታ ጉዳዩ ወደ እርሳቸው እንደመጣ አውቀው ተስተካከሉ። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ኦሪት ውስጥ ሦስት ቦታ ተከልክሏል፤ ሁለት ጊዜ በዘፀአት፣ አንድ ጊዜ በዘዳግም፤ አይሁድ ሥጋንና ወተትን የሚለዩት ከዚህ ተነሥተው ነው ብለው አስረዱ። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

"እሺ መሪጌታ፤ ዶሮ መቼ ጡት ታጠባለች?"

መሪጌታ አሰቡ። ሐጂም አሰቡ። ከወዲያ ማዶ የልጁ አባት በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ተሰማ፤ ይህንኑ ጥያቄ ረቢ ዮሴ የተባለ የገሊላ ሊቅ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት አንሥቶት እንደነበር ነገረን። ዶሮ የእናት ወተት ስለሌላት በእሷ ላይ ክልከላው አይሠራም ብሎ የተከራከረ ሊቅ ነው። ሌሎቹ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። አክስቴ ክርክሩን ተሸንፋም ቢሆን ከሊቃውንት ተራ በመግባቷ ፊቷ ፈታ አለ። ቅቤውን ግን ለማንም አልሰጠችም፤ ፍልሰታ ሲፈታ ራሷ በላችው።

ከዚያ ሁሉ ስንቅ የአየር መንገዱን ሚዛንና የኦሪትን ሕግ ያለፉት በርበሬው፣ ሽሮው፣ ማሾውና አንድ ጋቢ ናቸው። ጋቢውን የሠራው በሽመና ከሚታወቁት አርጎባዎች አንዱ ነው፤ ጫፉን በዘርፍ አሳምሮታል። አክስቴ ልጁ ሲጸልይ እንዲለብሰው አስባ ነበር። የአይሁድ የጸሎት ልብስ ግን የአራቱ ማዕዘን ዘርፍ አቋጣጠር ራሱን የቻለ ሕግ ስላለው፣ ጋቢው ለማታው ጭፈራ ተመደበ።

ሦስተኛው ነገር ንባቡ ነበር፤ ይህ የመሪጌታ ቀለብ ነው። ልጁ የሚያነበው ክፍል "ሾፍቲም" ይባላል፤ ከዘዳግም ምዕራፍ 16 ይጀምራል። በየከተማው በር ዳኛና ሹም ይቁም፤ ዳኛው ፊት አይቶ አይፍረድ፤ መማለጃ አይቀበል የሚለው ትእዛዝ ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ "ይኼ ለ13 ዓመት ልጅ ነው ለመዝገብ ቤት?" አለ። በዚያ ሰሞን አንድ ማኅተም ለማስመታት ሦስት ወር ተመላልሶ ነበርና ይቅር ተባለ።

መሪጌታን የገረማቸው ሌላ ነው። ልጁ የሚያነበው በዜማ ነው፤ ዜማውን የሚመሩት ከቃላቱ በላይና በታች የሚቀመጡ ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። "የእኛ ምልክት ነው እንዴ!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። በድጓው ላይ ከፊደል አናት የሚውለውን ምልክት ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ልጁ ግን ምልክቱን የሚያጠናው በብራና ላይ አይደለም፤ መምህሩ ቀድቶ በስልክ ይልክለታል፣ እሱም ኳስ እየተጫወተ ይሰማዋል። ለአንባቢው የሚገለጠው ጥቅልል ላይ ደግሞ ምልክቱም አናባቢውም የለም፤ ያጠናውን በቃሉ ይዞ መገኘት አለበት። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ስለ ኳሱ የነበራቸውን ቅሬታ ተዉት።

አንድ ችግር ግን ምልክትም መምህርም የማይፈታው ነበር። 13 ዓመት ድምፅ የሚሰበርበት ዕድሜ ነው። ልጁ ሲያጠና በስልክ አሰሙን። በወፍራሙ ይጀምርና መሀል ላይ ሳያስበው ድምፁ ይሰረቅና እንደ ጫጩት ይጮኻል። መሪጌታ በጥሞና አዳምጠው፣ "በግዕዝ ጀምሮ በአራራይ ይጨርሳል፤ ይህን ለመቻል እኛ ዘንድ ብዙ ዓመት ይፈጃል" ብለው መሰከሩለት። ልጁ ምን እንደተባለ ባይገባውም ደስ አለው።

በናታንያ በኩልም ጭንቁ የእኛን ያህል ነበር። የአክስቴ ልጅ ባል አጎት የሰለሞን ዘመቻ ሰው ናቸው፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከተነሡት አንዱ። እርሳቸው ከመጀመሪያው "እኛ ጎንደር ሳለን ይህ ድግስ መቼ ነበረን?" ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡላቸው ቄሶች፣ የስግድ በዓል፣ የሰንበት ዳቦ ነበራቸው፤ ባር ሚጽዋን ያገኙት ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ሲቀላቀሉ ነው። ልጅ ሲጠነክር ሞፈር ይይዛል፤ ወይም ከአባቱ ጋር ወናፍ ፊት ይቀመጣል፤ አለቀ። ይህን ያሉት አጎት ግን ድግሱ ሲቃረብ ከሁሉም የበለጠ እንግዳ የጠሩት እርሳቸው ሆኑ።

እናት ማሲንቆና እስክስታ ትፈልጋለች። ልጁ ዲጄ፣ ፒዛ፣ የክፍል ጓደኞቹን ይፈልጋል። አባት የሚፈልገው ሒሳቡን ማወቅ ነው። አዳራሽ ታየ፤ ጠበበ። ሌላ ታየ፤ ተወደደ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ የጎንደር ዘመዶች ስም ዝርዝር ሲመጣ እሱም ጠበበ። በሰለሞን ዘመቻ 14,325 ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአገር አገር ተጓጉዟል፤ በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ነበር። ያ ሕዝብ ነው እንግዲህ ለአንድ ልጅ አንድ አዳራሽ ለመምረጥ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ የፈጀው። አጎትየው ይህ ሲነገራቸው "ያን ጊዜ ወንበር አልመረጥንም፤ ወንበሩን ነቅለውት ነበር" አሉ።

ለአዳራሹ የሚወጣው ገንዘብ ከእንግዳው ፖስታ ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል። እዚያ አገር እንግዳ ቼክ በፖስታ አሽጎ በር ላይ በተቀመጠ ሣጥን ይከታል። አክስቴ "ማን ስንት እንደሰጠ በምን ይታወቃል?" ብላ ተጨነቀች። በእኛ ሠርግ ዳሱ በር ላይ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ 200 ብር የሰጠውን እየጮኸ ይመዘግባል፤ 50 የሰጠውንም እንዲሁ እየጮኸ ይመዘግባል። በዚህ የተነሣ ብዙ 50 ብሮች እበሩ ላይ ሲደርሱ 100 ይሆናሉ። ሣጥን ይህን ኃይል የለውም።

ከሁሉም ሸንጎውን ያናወጠው ግን አንዲት አጭር ምስጋና ናት። ልጁ ለኦሪት ንባብ ሲጠራ አባቱ ቆሞ፣ ከእንግዲህ በዚህ ልጅ ጥፋት ከመጠየቅ ነፃ ያወጣኝ አምላክ ይመስገን የሚል ምስጋና ያደርሳል።

ይህ እንደተነገረ ግራሩ ሥር ጸጥታ ሆነ። ወንድሜ ቀስ ብሎ "ለ28 ዓመት ልጅም ይሠራል?" አለ። የእሱ ልጅ ዲግሪውን ከያዘ ቆይቷል፤ እስከ ዛሬ ግን የስልክ ካርድ የሚሞላለት አባቱ ነው። ሐጂም ሦስተኛ ልጃቸውን አስታወሱ መሰለኝ፣ "በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚባለው?" ብለው ጠየቁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ13 ዓመቱ። ሁሉም ጊዜው እንዳለፈበት ሰው ተከዘ።

ልደቱ የዋለው ረቡዕ ነሐሴ 9 ነበር። ኦሪት ከሰንበት ውጪ የሚነበበው ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ፣ በኢየሩሳሌም ምዕራባዊ ግንብ ሐሙስ ነሐሴ 10 ጠዋት ተያዘ። እኛም በዚያው ሰዓት ካራቆሬ ላይ ደገስን። ፍልሰታ ስለሆነ የጾም በያይነቱ ተሠራ፤ ለቡሄ የታሰበው ሙልሙል ሦስት ቀን ቀድሞ ተጋገረ። ስልኩን ከግራሩ ግንድ ጋር በጨርቅ አስረን በዙሪያው ተቀመጥን።

መጀመሪያ የታየን ልጁ ነው፤ በግራ ክንዱ ላይ ጥቁር የቆዳ ማሰሪያ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሞበታል፤ ግንባሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ።

"ደም ግፊቱን ሊለኩት ነው? ምን አገኘው?" አክስቴ ተነሣች።

"ክታብ ነው" አሉ መሪጌታ። "ውስጡ የኦሪት ቃል ተጽፎበታል።" ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክታብ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ከመከለያው ማዶ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ወጥታ በመከለያው አናት አንገቷን አስግጋለች። ጥቅልሉ ተገለጠ። ልጁ ጀመረ። ዳኞቹን በየበሩ አቆመ፤ ፊት አይታችሁ አትፍረዱ አለ፤ መማለጃው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰረቀና ወደ አራራይ ዘለለ። እናቱ ይህን የእልልታ ምልክት አድርጋ ወሰደችውና ለቀቀችው። አክስቴ ከካራቆሬ ተቀበለቻት። ከአጠገቧ የቆሙት ከሞሮኮና ከየመን የመጡ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም በየራሳቸው ያስነኩት ጀመር። እልልታ ኮሸር መሆኑን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ከመከለያው ማዶ ከረሜላ እንደ ወጉ ይዘንብ ጀመር፤ አክስቴም በስልኩ ላይ አንድ እፍኝ በተነች፤ የሰፈሩ ልጆች ከግራሩ ሥር ተራኮቱበት።

ከዚያ "ማዕዱ ይቅረብ" ተባለ። በያይነቱ ቀረበ። ሁሉም ተያየ።

አክስቴ አትበላም፤ ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አትቀምስም። መሪጌታም እንደዚያው። ወንድሜ በጾም አይታማም ነበር፤ ግን አክስቴ እያየችው ምን ያድርግ? ዓይኖች ሁሉ ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው አቀረቀሩ። "ሐሙስ ነው እኮ። ሰኞና ሐሙስ ሱና እጾማለሁ" አሉ። አይሁድ ኦሪት ሊያነቡ የመረጡት ቀን ሐጂ ሊጾሙ ከመረጡት ቀን ጋር ገጥሞ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ምግብ የበሉት ገና የማንም ሕግ ያልደረሰባቸው ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ሕግ የደረሰብን ሁላችን ከበናቸው ተቀምጠን "ብላ! ቀስ ብለህ ብላ!" እያልን አበላናቸው።

ማታ የናታንያው አዳራሽ በስልክ ተከፈተ። ዲጄው አሸንፏል፤ ለማሲንቆው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶታል። የድምፅ ማጉያው ድምድም ሲል የእኛ ስልክ ጠረጴዛ ላይ እየተንቀሳቀሰ ሄደ። አክስቴ ይህን ስታይ በ1953 ልቧ "መሬት ነው?" ብላ በሩን ያዘች። ልጁ ጋቢውን ደርቦ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ የክፍል ጓደኞቹ ይከተሉታል፤ ግማሾቹ እስክስታውን ከእሱ ይልቅ ያውቁታል። ዶሮ ወጡ በዘይት ተሠርቶ ቀርቧል፤ እንግዳው ጣቱን እየላሰ ነው። አክስቴ ይህንንም አይታለች፤ አስተያየት አልሰጠችም።

በማግስቱ ልጁ የፖስታውን ገንዘብ ጠየቀ። ፕሌይስቴሽን ሊገዛ አስቧል።

"የአዳራሹ ዕዳ አለ" አለው አባቱ።

"ትናንት ትልቅ ሆነሃል አላላችሁኝም?"

"ለሕግ ነው የደረስከው፤ ለባንክ አይደለም።"

ሸንጎው ይህ ሲነገረው በአንድ ድምፅ ከአባቱ ጋር ቆመ። ናታንያም ካራቆሬም፣ ልጅ ሲጠየቅ ትልቅ፣ ሲጠይቅ ትንሽ ነው።

የእኔን ፍርድ የጠየቀኝ የለም፤ ስልክ ያዥ ነበርኩ። ቢሆንም እላለሁ። የልጁን አባት ምስጋና ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ልጁም በተራው ቆሞ፣ አባቴ ባጠፋው ከመጠየቅ ነፃ ያወጣኝ ይመስገን ቢል ፍትሕ ይሆን ነበር። እኛ ጋ ልጅ የሚወርሰው ማሽላና ፍየል ብቻ አይደለም፤ የአባቱን ጠብ፣ የአጎቱን ቂም፣ የድንበር ክሱን ጭምር ነው። ስለዚህ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ክርስቲያንም ሁኑ እስላም፣ ድግሱን ተዉት፤ አዳራሹንም ተዉት። አንድ ቀን ብቻ ምረጡና ልጁን በጎረቤት ፊት አቁማችሁ ስለ ፍርድና ስለ መማለጃ የተጻፈውን አስነብቡት። ድምፁ ቢሰረቅ አትሳቁ። ቀኑን ስትመርጡ ግን ጎረቤታችሁ የሚጾምበትን አስቀድማችሁ ጠይቁ።